ስለ መኪና የቤንዚን ፓምፕና የኤሌትሪክ ሕመሙን ስለ መፈለግ ታሪክ

መኪና በመንገድ ላይ ቆማ፣ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሣ ሲል፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «ቤንዚን አልቆ ይሆናል» ይላል፤ ሁለተኛው «ካንዴላው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። የሦስተኛው ፍርድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ፓምፑ ተፈትቶ በአዲስ ከተተካ በኋላ መኪናዪቱ እንደ ቀድሞው ስትቆም፣ ያለ ጥፋቱ የተቀጣው ፓምፕ በጋራዡ ጥግ ተጥሎ ይገኛል። እኛም በፊዚክስ ትምህርት ስለ ኤሌትሪክ የተማርነውን ይዘን፣ ሰዎች የዚህን ፓምፕ ሕመም መርምሮ ማወቅን እንዴት እንደ ደረሱበት ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከቀድሞዎቹ መኪናዎች ብዙዎቹ ፓምፕ አልነበራቸውም። ከ1908 እስከ 1927 በተሠራችው በፎርድ ሞዴል ቲ፣ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፣ ማለት ሰልባትዮው፣ በአብዛኛው ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ነበረ፤ ቤንዚኑም በገዛ ክብደቱ ወደ ካርቡራቶሩ ይወርድ ነበር። ዳገቱ ሲበረታና ቤንዚኑ ሲያንስ ግን ሞተሩ ከሰልባትዮው ከፍ ስለሚል ቤንዚን ያጥረዋል። ስለዚህ ነጂዎቹ መኪናዪቱን አዙረው ዳገቱን በኋሊት ይወጡት ነበር። የሚያስቅ ቢመስልም እውነት ነው። ይህን ሕመም ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገም፤ ዳገቱ ራሱ ይናገር ነበርና።

በ1920ዎቹ መጨረሻ በሞተሩ ጉልበት የሚንቀሳቀስ፣ ሜምብራና ያለው ፓምፕ ተስፋፋ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ብዙ ዘመን የታወቀችው ትንሿ ቮልስዋገንም በካርቡራቶር ትሠራ በነበረችበት ዘመን የያዘችው ይህንኑ ዓይነት ነው። ይህ ፓምፕ ሜምብራናው ይቀደዳል፤ የሞተሩም ሙቀት ቤንዚኑን ወደ ተንነት ይለውጥበታል፤ ነገር ግን ኤሌትሪክ ስለሌለበት የኤሌትሪክ ሕመም አያውቀውም።

ኤሌትሪክ ወደ ነገሩ የገባው ፓምፑን ከሞተሩ ሙቀት ለማራቅና ሞተሩ ሳይነሣ አስቀድሞ ቤንዚን ለማድረስ በተፈለገ ጊዜ ነው። በካርቡራቶሩ የታወቀው የእንግሊዝ አገሩ የኤስ ዩ ፋብሪካ ያወጣው የኤሌትሪክ ፓምፕ በብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ተገጠመ፤ በ1948 የወጣችው ሞሪስ ማይነርም ይህንኑ ይዛ ነበር። አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። በውስጡ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ኤሌትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ አንድ ብረት ይስባል። ብረቱ ከሜምብራናው ጋር ስለ ተያያዘ፣ ሜምብራናው ሲሳብ ቤንዚን ወደ ውስጥ ይገባል። ብረቱ ከመንገዱ ጫፍ ሲደርስ ፑንቲናውን ይከፍታል፤ ኤሌትሪኩ ይቋረጣል፤ ሞላውም ሜምብራናውን መልሶ እየገፋ ቤንዚኑን ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ፑንቲናው ተመልሶ ይገጥማል። ካርቡራቶሩ ከሞላ ግን ቤንዚኑ መሄጃ ስለሚያጣ ሜምብራናው ባለበት ይቆማል፤ ፑንቲናውም ክፍት እንደ ሆነ ስለሚቆይ ኤሌትሪክ በከንቱ አይባክንም።

ይህ ፓምፕ ይናገር ነበር ብንል አንሳሳትም። ቁልፉ ሲዞር ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ብሎ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝም ካለ ጤነኛ ነው። ሳያቋርጥ በፍጥነት ቢመታ ወይ ሰልባትዮው ባዶ ነው፣ ወይም በመሳቢያው ቧንቧ አየር ይገባል። ሞተሩ ሳይሠራ አልፎ አልፎ ቢመታ ቤንዚን በአንድ ቦታ እያመለጠ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጭራሽ ዝም ቢል ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከኤሌትሪክ ወገን ይሆናል። ምክንያቱም ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር፣ ፋራዴይ በ1831 ባስረዳው የማግኔት ጠባይ መሠረት፣ የሽቦው ጥቅል ከባትሪው ቮልት የበለጠ ቮልት ይወልዳል፤ ይህም ብልጭታ ሆኖ ፑንቲናውን ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ነጂዎች ፓምፑን በመፍቻ እጀታ መታ ሲያደርጉት የሚነሣው ስለዚህ ነበር፤ የገጠመው ገጽ ትንሽ ሲናወጥ ኤሌትሪክ መንገድ ያገኛል። ይህ ምት ብዙ መንገደኛ ለቤቱ አብቅቷል፤ ሆኖም ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

በነገራችን ላይ ፑንቲና፣ ሞላ፣ ካንዴላና ሰልባትዮ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የጋራዥ አማርኛችን ታሪክ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ዝም ያለውን ፓምፕ ለመመርመር መካኒኮች የያዙት የመጀመሪያው መሣሪያ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ አምፑል ናት። አንዱን ሽቦ ከፓምፑ ገመድ፣ ሁለተኛውን ከመኪናው ብረት ማስነካት ነው፤ አምፑሏ ከበራች «ኤሌትሪክ ደርሷል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው» ይባላል። በእኛ አስተያየት እጅግ ብዙ ፓምፖችን በሐሰት ያስፈረደባቸው ይህ አነጋገር ነው። ለዚህ መልሱ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 ካሳተመው ሕግ ውስጥ ይገኛል። ነገሩን ቀለል አድርገን ባትሪው 12 ቮልት፣ ፓምፑ 2 ኦም ነው እንበል፤ በመንገዱም አንድ የዛገ መገናኛ 1 ኦም ጨምሯል። የሚያልፈው ኤሌትሪክ 4 አምፔር ይሆናል፤ ፓምፑ የሚደርሰው 8 ቮልት ብቻ ነው፤ የቀረው 4 ቮልት መገናኛውን በማሞቅ ይጠፋል። አምፑሏ ግን 5 ዋት ብትሆን ወደ 29 ኦም ስለሚኖራት፣ በዚያው በዛገው መንገድ 11.6 ቮልት ደርሷት ደምቃ ትበራለች! አምፑሏ የመሰከረችው ስለ ራሷ እንጂ ስለ ፓምፑ አይደለም።

በ1923 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ኢንጂኒየር የነበረው ዶናልድ ማካዲ አምፔርን፣ ቮልትንና ኦምን ባንድ ሳጥን የሚለካ አቮ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ግን መሣሪያው ቢሻሻልም አለካኩ ካልተሻሻለ ስሕተቱ ያው ነው። የፓምፑ ገመድ ተነቅሎ ቢለካ የተበላሸውም መንገድ 12 ቮልት ያሳያል፤ ኤሌትሪክ ካልሄደ የሚጠፋ ቮልት የለምና። ስለዚህ የሚለካው ገመዱ ሳይነቀል፣ ፓምፑ በሥራ ላይ ሳለ ነው፤ መጀመሪያ ከባትሪው እስከ ፓምፑ መግቢያ፣ ቀጥሎም ከፓምፑ መውጫ እስከ ባትሪው ማሳ ድረስ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ቤንዚን ባለበት ሽቦ ከሽቦ እያጋጩ ብልጭታ መፈለግ ግን ሞት መጥራት ነው።

በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ የቦሽ ፋብሪካ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ገጠመ። ቤንዚኑ 2 ባር ያህል ግፊት ስላስፈለገው ፓምፑ በኤሌትሪክ ሞተር የሚዞር ሆነ፤ የታዘዘውም በሪሌ አማካይነት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ይሠራና፣ ሞተሩ ካልዞረ ይቆማል፤ ይህም በአደጋ ጊዜ ቤንዚን እንዳይፈስና እሳት እንዳይነሣ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ዘግይቶ ጆሮውን ቢያቀርብ ጤነኛውን ፓምፕ ሞተ ይለዋል። በ1980ዎቹ ደግሞ ፎርድ መኪና ሲጋጭ የፓምፑን ኤሌትሪክ የሚያቋርጥ ማብሪያ በብዙ መኪናዎቹ ላይ አደረገ። ቆማ ሳለች በሌላ መኪና ገፋ የተደረገች መኪና በዚህ ምክንያት ላትነሣ ትችላለች፤ መድኃኒቱም አንዲት ቁልፍ መጫን ነው።

ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አነስተኛ መኪናዎች ሁሉ ጥፋታቸውን በቁጥር እንዲናገሩ ታዘዘ። ከቁጥሮቹ አንዱ ፒ 0230 ሲሆን፣ የሚናገረውም ፓምፑን ስለሚያዘው የኤሌትሪክ መንገድ ነው፤ ስለ ፓምፑ ራሱ አይደለም። ቁጥሩን አይቶ ፓምፕ ሊገዛ የሚሮጥ ሰው ዛሬም አልጠፋም።

በዛሬዎቹ ብዙ መኪናዎች ደግሞ ፓምፑ ሁልጊዜ ባንድ ፍጥነት አይዞርም፤ ኤሌትሪኩ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየተቈራረጠ ይላክለታል። ስለዚህ በተራ መለኪያ 8 ቮልት ቢገኝ የዛገ መገናኛ ይሁን የመቈጣጠሪያው ትእዛዝ ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። የኤሌትሪኩን ሞገድ በመስታወት ላይ በሚያሳየው በኦሲሎስኮፕ ማየት፣ ከመኪናዪቱም መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።