እምቢ ያለው ማን ነው?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዛሪማ ነበርኩ። አንድ መምህር ወዳጄ የተማሪዎች ውጤት ያለበትን ላፕቶፕ ታቅፎ መጣ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። አሁን ሲከፍተው ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት ተከልክሏል ይለዋል። «ኔት ስለተዘጋ ነው፤ እስኪለቁት እንጠብቅ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ለእኛ መስመር ማለት ሁልጊዜ ከላይ የሚሰጥ፣ ከላይ የሚነሳ ነገር ነው። ስልክ በእ.ኤ.አ. 1890ዎቹ በምኒልክ ዘመን ገባ፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ኢንተርኔት በእ.ኤ.አ. 1997 መጣ። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሁሉም በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ስለዚህ «ተከልክሏል» የሚል ቃል ስናይ ከልካዩን አዲስ አበባ እንፈልጋለን።

ቃሉ ግን የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በእ.ኤ.አ. መስከረም 1981 የወጣው የቲሲፒ ደንብ፣ ጥሪ ሰሚ ወደሌለበት በር ከደረሰ ማሽኑ ዝም እንዳይል፣ ቁርጡን ወዲያው እንዲመልስ ያዛል። የካሊፎርኒያዎቹ የበርክሌይ ዩኒክስ ሠሪዎች በ1983 ያንን መልስ «ግንኙነት ተከለከለ» አሉት። ለእኔ መጥፎ ስም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የከለከለ የለም፣ የሚሰማ ነው የጠፋው። የድሮውን ስልክ ቤት አስቡት። ዝም ካለ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። «ሰውዬው የሉም» ካሏችሁ ግን ስልኩ ደርሷል። የይለፍ ቃል ስህተት ነው ካለ ደግሞ ሰውዬው ቤት አሉ፣ እናንተን ግን አላወቋችሁም።

የወዳጄ ፕሮግራም የሚደውለው ወደ 127.0.0.1 ነበር፤ ይህ ራሱ ላፕቶፑ ነው። ኔት ቢኖርም ባይኖርም ጥሪው ከማሽኑ አይወጣም። ዛምፕን ከፈትን፤ ማይኤስኪውኤል ይነሳና ወዲያው ይወድቃል። በር 3306ን የያዘ ሌላ ፕሮግራም የለም። መብራቱ ሲሄድ ፋይል ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። ስልክ በሠራ ጊዜ አንድ ጎበዝ «አይቢዳታ1 የሚለውን ፋይል አጥፋው፣ ይነሳል» ብሎት ነበር። እውነት ነው፣ ሊነሳ ይችላል፤ ሰንጠረዦቹን የሚያውቃቸው ግን ያው ፋይል ስለሆነ ስማቸው ቀርቶ ውስጣቸው አይከፈትም። ስንቱ ሱቅና ክሊኒክ መዝገቡን በዚህ ምክር አጥቷል መሰላችሁ!

ምንም አላጠፋንም። መጀመሪያ ሁሉንም በፍላሽ ገለበጥን። ቀጥሎ ዳታ የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይረን አስቀመጥን፤ ዛምፕ ባክአፕ ብሎ የሚያስቀምጠውን ንጹሕ ቅጂ ዳታ አልነው፤ የተማሪዎቹን ፎልደርና አይቢዳታ1ን ከአሮጌው መለስንበት። ተነሳ።

መብራት የሄደ ዕለት ያስገባው የአንድ ክፍል ውጤት ግን አልነበረም። ከወረቀት ላይ እያነበበልኝ እስከ ማታ ጻፍን፤ ኔት ያኔም አልተለቀቀም ነበር።