ቀን ቆራጮች

ስሙማ፣ እናንተ የንፋስ መውጫ ሰዎች! ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉና ስሙ። በጋሸና አድርጋችሁ ወደ ወልድያ የወረዳችሁ፣ ደጋው ባንዴ አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር አይታችኋል። ከዚያ ማዶ ያለው የአፋር ምድር ከእኛ ደጋ እየተላቀቀ ነው፤ በዓመት በሚሊ ሜትር የሚለካ ቢሆንም አያርፍም።

ታዲያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በዚያው በአፋር ያለችው አዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሲውል ሲያድር ታኅሣሥ ላይ ባሰባት። በዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ ተተርትሮ እንፋሎት ከጭቃና ከድንጋይ ጋር ይተፋ ጀመር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት መጠኑ 5.7፣ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደረጃውን ወረደ።

ይሄኔ በየስልኩ፣ ቀጣዩ መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን ይመጣል የሚል ቀን ቆራጭ በዛ፤ ከቀኑ አልፎ ሰዓቱን የሚናገርም አልጠፋ!

መንቀጥቀጥን ቀድሞ መናገር አንዴ ተሳክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 በቻይናዋ ሃይቼንግ ትንንሹ ንቅናቄ ሲደጋገም ሹማምንቱ ሕዝቡን ከቤት አስወጡ፤ ማታውኑ ትልቁ መጣ። ዓለም እሰይ አለ። በዓመት ከመንፈቁ ግን ታንግሻን የምትባለው ከተማ ማንም ሳያስጠነቅቃት ፈረሰች፤ ወደ 240 ሺህ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቀኑንና ሰዓቱን አስተማምኖ የሚናገር ተቋም በዓለም አልተገኘም።

የእኛዎቹ ምሁራንም አይናገሩም፤ እኔ የማምናቸው በዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ንቅናቄውን ይመዘግባል። ሳተላይት መሬቱ ስንት እንደተከፈተ ያሳያል፤ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ከሥር ቅልጥ አለት እየተጋፋ መሆኑም በዚህ ታወቀ። የት እንደሚያሰጋ ያውቃሉ። መቼ ለሚለው ግን ዝም ነው።

የት የሚለውማ በክልላችንም ታይቷል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ማጀቴ በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ ካራቆሬም ተጎድታለች። ሁለቱም ያሉት ከደጋው ወደ አፋር በሚወርደው በዚያው ቁልቁለት አካባቢ ነው።

እንግዲህ ወልድያ ወይ ኮምቦልቻ ቤት የሚሠራ ልጅ ያላችሁ፣ ቀን ቆራጩን ተዉትና ግንበኛውን ጠይቁ። በኮለኑ ፌሮ ላይ ዙሪያውን የሚከበው ብረት፣ ስታፋው፣ ተቀራርቦ ታስሯል ወይስ ብረት ለመቆጠብ ተራርቋል? ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ አይታይምና፣ ሳይሞላ ሄዳችሁ እዩት።