ሂሳቡን ለአዘጋጁ

የመጀመሪያው የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1903 ከፓሪስ አቅራቢያ፣ ሞንዠሮን ላይ፣ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ነው የተነሳው። ለሆድ ነገር ጥሩ ገድ ይመስላል፤ አልሆነም እንጂ። እስከ ሊዮን ያለው የመጀመሪያው ጉዞ 467 ኪሎ ሜትር ነበር። አሸናፊው ሞሪስ ጋረን ሌሊቱን ሲጋልብ አድሮ የገባው ከ17 ሰዓት በላይ ፈጅቶበት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ያለ ስንቅ ማን ይዘልቀዋል?

የውድድሩ መሥራች ኦንሪ ደግራንዥ ተወዳዳሪው ከማንም እጅ ሳይጠብቅ ራሱን ችሎ እንዲጓዝ ይሻ ነበር። ያሰበው ጀግና ነው፤ ያፈራው ግን ቀማኛ። ፀሐዩ ሲበረታ፣ ኮዳው ሲደርቅ፣ ጋላቢዎቹ መንደር እንደደረሱ ብስክሌታቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቡና ቤቱን ይወሩታል። ቢራ፣ ወይን፣ ለስላሳ፣ ውሃ፣ እጃቸው የገባውን ሁሉ በማሊያቸው ኪስና በጉያቸው ሸጉጠው ውልቅ ነው። መክፈል ብሎ ነገር የለም። ሂሳቡን ለአዘጋጆቹ የሚልኩ ባለቤቶች ነበሩ። ኋላ ላይ ዘረፋው የረዳት ጋላቢዎች ሥራ ሆነ፤ የቡድኑ አለቃ ባንኮኒ ላይ አይጋፋማ!

በ1935 ከፖ ወደ ቦርዶ ሲጓዙ መንገድ ዳር ቢራ ተደርድሮ ያዩት ተወዳዳሪዎች ቆሙ። ዡልየን ሙዋኖ ግን አልቆመም፤ ከ15 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ቢራውን ያስደረደረው ራሱ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ባይሆን እንኳ ለወሬ የተመቸ ነው።

የ1967ቱ ግን አያስቅም። ያኔም ከቡድን መኪና ውሃ መቀበል ክልክል ነበር። ከቫንቱ ተራራ ግርጌ ረዳት ጋላቢው ኮሊን ሌዊስ ከአንድ ቡና ቤት ይዞ ከወጣው ኮኛክ ለአለቃው ለቶም ሲምሰን ሰጠው። ሲምሰን በዚያ ሐሩር ዳገቱ ላይ ወድቆ ሞተ፤ በምርመራው አምፌታሚንና አልኮል ተገኘበት።

በ1891 በተጀመረው የፓሪስ–ብረስት–ፓሪስ የብስክሌት ጉዞ ላይ ዛሬ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በየአራት ዓመቱ አማተሮች 1,200 ኪሎ ሜትሩን በ90 ሰዓት ለመጨረስ ሲጋልቡ፣ የመንደሩ ሰው በሌሊት ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቡናና ክሬፕ ያቀርባል። ገንዘቡ ይቅርብን፣ አገራችሁ ስትገቡ ፖስትካርድ ላኩልን የሚል ቤተሰብም አለ።