ባቡር በኮትቻ ላይ፦ ከምድር ባቡር እስከ ጓሮ ሐዲድ

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። ለአዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ባቡሩ መናገሻ ከተማዋ የገባው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ዓለም በጦርነት ይታመስ ነበር፤ አገር ቤትም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ሰገሌ ላይ ደም ፈሷል። ስለ ምድር ባቡር ሲወራ ሁሌም የሚነሱት ድሬዳዋና የአዲስ አበባው ለገሃር ናቸው። አቃቂ በሰቃን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ስለ ሐዲድ አሠራር መማር የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ የምልከው ወደዚያ ነው። ምክንያቴ አፈሩ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጠው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌኦን ሸፍኔ የሐዲድ ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ዓመታት ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ሲቀጥል ስፋቱ ያው ነበር፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር። ሐዲዱን ከታች የሚይዙት አግዳሚዎች ብረት ነበሩ። በዚህ አገር እንጨት መሬት ላይ አስተኝቶ ምስጥ አይነካውም ብሎ ማመን ይከብዳል።

እነዚያ የብረት አግዳሚዎች እንደተደፋ ገንዳ ናቸው። ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ከሥራቸው የተሰባበረ ድንጋይ ተጠቅጥቆ ካልሞላ ባቡር ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ። ባላስት የሚባለው ይኸው ድንጋይ ነው። ብዙ ሰው ለጌጥ ወይም ሣር እንዳይበቅል የተበተነ ይመስለዋል። ሥራው ግን ሌላ ነው። የባቡሩን ክብደት ከአግዳሚው ተቀብሎ ሰፋ ባለ መሬት ላይ ያሰራጫል፣ ሐዲዱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ ያሳልፋል። ለዚህ የወንዝ ጠጠር አይሆንም። ክብ ስለሆነ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። የሚፈለገው ገና ከመዶሻ የወጣ፣ ጠርዙ ስለታም የሆነ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ተያይዞ ይነክሳል።

አሁን ወደ አፈሩ። የአቃቂ ሜዳ ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በግንቦት የሄደ ሰው መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያያል። በሐምሌ ያው መሬት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ጫማ ይዞ አይለቅም። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚህ ላይ ሐዲድ እንዲሁ ቢያስተኙት ክረምት ሳይወጣ ይጣመማል። ስለዚህ መደልደል፣ ከፍ ማድረግ፣ በሁለቱም ጎን ቦይ ማውጣት ግድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ከሰበታ ተነስቶ በዚሁ አካባቢ ሲያልፍ ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ሐዲዱ ሰፍቷል፤ 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኗል። አግዳሚው ኮንክሪት ነው፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሥሩ ግን ያው የተደለደለ ሙሌትና የተሰባበረ ድንጋይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሁሉ በግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እንግሊዛዊው ሰር አርተር ሄይውድ በዳርቢሸር ከቤቱ አጠገብ ሐዲድ መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው። በመጀመሪያ 9 ኢንች ስፋት ሞከረ፤ ሰው ሲቀመጥበት አልረጋ አለ። ወደ 15 ኢንች አሳደገው። ባቡርን ማሳነስ ይቻላል፣ ተሳፋሪውን ግን ማሳነስ አይቻልም፤ የሄይውድ ጣጣ ይኼ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው የማይጫንበት፣ ለዓይን ብቻ የሚሮጥ የጓሮ ባቡር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 የጀርመኑ ሌማን ኩባንያ ኤልጂቢ የተባለውን፣ ዝናብ የሚችል ባቡር ለገበያ አቀረበ። የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፣ መጠኑ የእውነተኛው ባቡር አንድ ሃያ ሁለት ተኩለኛ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን የሠራ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የጀርመኑ መጫወቻ የተለካው ለአውሮፓ ባለ አንድ ሜትር ባቡሮች ቢሆንም፣ ለእኛው ምድር ባቡርም ልክ ነው። ከአቃቂ ለገሃር ያለው 23 ኪሎ ሜትር በዚህ መጠን ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

አቃቂ ላይ ግቢ ያለው ሰው ይህን ልሥራ ቢል ግን ሐዲዱ ለ22.5 ይካፈልለታል እንጂ ኮትቻው አይካፈልለትም። እንዲያውም ይብስበታል። የሚያብጥ አፈር ከባዱን ነገር ይፈራል፤ ቀላሉን ያነሳል። ባለ ፎቅ ሕንፃ ሳይነቃነቅ የግቢ አጥር የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። የጓሮ ባቡር ደግሞ ከአጥርም ይቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታሰበው ውሃው ነው። መስመሩ ከጣራ አሸንዳ መውረጃ ይራቅ። ባሕር ዛፍ አጠገብም አይለፍ፤ ሥሩ ውሃውን እየመጠጠ መሬቱን ባንድ በኩል ያሟሽሸዋል። ከዚያ ኮትቻውን እስከ ግማሽ ሜትር አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት፣ በሥሱ እያፈሰሱ እያረጠቡ መጠቅጠቅ። እስከ ታች ጨርሼ ላውጣው ማለት የማይቻል ነው፤ አፈሩ ጥልቅ ነው፣ ወጪውም ከባቡሩ ይበልጣል። ከላይ ሐዲዱን እስከ ጉልበት ለማንሳት ብሎኬት ወይም የድንጋይ ካብ ይበቃል። እኔ ካቡን እመርጣለሁ። ሲሚንቶ ያሰረው ግንብ መሬቱ ሲነሳ ይሰነጠቃል፣ ደረቅ ካብ ግን ትንሽ ተንቀሳቅሶ ይቀመጣል። የተንጋደደውን ድንጋይም አንስቶ መልሶ መካብ ይቻላል።

ባላስቱ ላይ ያው የመጠን ነገር ይመጣል። የእውነተኛው ሐዲድ ድንጋይ ከ25 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ22.5 ሲካፈል ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ የድንጋይ ወፍጮ ካወጣው ጠጠር ሁሉ ደቃቁ ነው። ለዓይን ያምራል፣ የመጀመሪያው ዶፍ ግን ጠርጎት ይሄዳል። የዝናቡ ጠብታ አላነሰምና። ስለዚህ መልኩን ትንሽ መሠዋት ይሻላል፦ ከሦስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብናኙ በወንፊት የወጣለት ጠጠር። ብናኝ ከቀረ እርጥበት ይዞ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

ጠጠሩን በሲሚንቶ ላጣብቀው የሚል ፈተና ይመጣል። አይደረግም። አሥር ሜትር የነሐስ ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ ስድስት ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የአቃቂ የጥር ጠዋትና የቀትር ፀሐይ ደግሞ ይህን ልዩነት ብረት ላይ በቀላሉ ያመጣሉ። ሐዲዱ ታስሮ ከተያዘ መሄጃ አጥቶ ይጎብጣል። በጠጠሩ ውስጥ ተንሳፍፎ መተው አለበት፤ በየመጋጠሚያው ትንሽ ክፍተት ይኑረው።

በጣም የሚያስፈልገው መሣሪያ የግንበኛ ውሃ ልክ ነው። ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ውሃ ልኩን በሐዲዱ ላይ በቁሙም በአግድሙም እያስተኙ የዘቀጠውን ማንሳት፣ ከአግዳሚው ሥር ጠጠር በጣውላ ቁራጭ መጠቅጠቅ፤ ግንቦት ላይ ስንጥቁ ሲከፈት እንደገና። የምድር ባቡር የሐዲድ ሠራተኞች በዶማና በአካፋ ይሠሩት የነበረውም ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ በሐዲዳቸው መጨረሻ ላይ ጅቡቲ ነበረቻቸው።