ትራንስክሪፕት ያልጠየቁት ተማሪ

በ2017 ዓ.ም. ለማስተርስ ጀርመን ለማመልከት ተነሳሁ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ቪዛው ግን የዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ብሎክድ አካውንት ውስጥ አሳይ ይል ነበር። ኮድ ጽፌ የማገኘውን ደሞዝ ወደ ዩሮ ቀየርኩና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን ስለ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ማንበብ ጀመርኩ። አድዋ አካባቢ የተወለደው ገብረሕይወት በልጅነቱ ምፅዋ ላይ መርከብ ውስጥ ተደብቆ አውሮፓ እንደገባ ይነገራል። አንድ ኦስትሪያዊ አሳደገው፣ ጀርመን አገር ሕክምና ተማረ። ትራንስክሪፕት የለ፣ ሪከመንዴሽን የለ! እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

ቅናቱ የቆየው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን እስካነብ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም.፣ እሱ በሞተ በአምስተኛው ዓመት ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ ሌላው በጥቂት ቀን የሠራውን ይቀበላል። ላፕቶፔን ያዘጋኝ ሒሳብ እኮ ይኸው ነው! እኔ ምንዛሪውን እረግማለሁ፤ እሱ ከመቶ ዓመት በፊት ከሥሩ አስረድቶታል።

ገብረሕይወት አውሮፓ አልቀረም። ተመልሶ አገሩን አገለገለ፤ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹምም ሆነ።

ማመልከቻው «ለምን መማር ፈለግህ?» ሲለኝ ስለ ተሻለ ሥራ አንድ ገጽ ሞልቼ ነበር። አጠፋሁት። ገንዘቡ ገና አልሞላም፣ መልሱን ግን እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው።