የድሮው ፈንክ እንደገና ሲደመጥ፤ ከሸክላ እስከ ቡሬ የሠርግ ድንኳን

ፈንክ የተባለው የሙዚቃ ስልት በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነጄምስ ብራውን አማካይነት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተወለደ ነው። በፈንክ ከዜማው ይልቅ ምቱ ይገዛል። ቤዝ፣ ድራምና ጊታር አንዲት አጭር ሐረግ እየተቀባበሉ ይደጋግማሉ፤ ክብደቱም በመጀመሪያው ምት ላይ ያርፋል።

ወደ አገራችን የገባው በሸክላና በአስመራው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ በቃኘው፣ ሬዲዮ ነው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያሰለጠኗቸው የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቾች ስለነበሩ ስልቱ ዝግጁ እጅ አገኘ። ዓለማየሁ እሸቴ “የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን” የተባለው በዚህ ዘመን ነው። ሸክላ የማሳተሙ መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን በድፍረት ከፈተ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ግን የዚህ ታሪክ ዋና ስም ሙሉቀን መለሰ ይመስለኛል። ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው ሙሉቀን ገና በልጅነቱ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከኢኳተርስና ከዳህላክ ባንዶች ጋር የተጫወታቸውን ዛሬ የፈረንጅ ዲጄዎች ያሳድዷቸዋል። በኋላ ዓለማዊ ዘፈንን ትቶ ወደ መዝሙር ዞረ፤ በ2024 በአሜሪካ አረፈ። በእሱ ዘፈኖች ቤዙ አሜሪካዊ ነው፤ ቅኝቱ ግን የእኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ዘፈኖች ደግሞ የተሠሩት በአራት ሳይሆን ጭብጨባና እስክስታ በሚያውቁት በስድስት ስምንተኛው “ጭክጭካ” ነው። የገጠር ሰው ትከሻውን ለመስበቅ ማስተማሪያ አያስፈልገውም።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ዘጋ። አምሃ በ1975 ተሰደደ። ከጊዜ በኋላም ትልልቆቹ ባንዶች ሳሱ፤ የነሐሱን ቦታ ኪቦርድ ወረሰው።

ትንሣኤው የመጣው ከውጭ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ “ኤትዮፒክስ” የተባለውን ተከታታይ አወጣ፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነበር። በ2005 ጂም ጃርሙሽ “ብሮክን ፍላወርስ” ለተሰኘው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ተጠቀመ፤ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ “የግሌ ትዝታ”ን ቆርጠው በራፕ ሠሩበት። ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በ2013 በ1985 የሠራው አልበም ዳግም ታትሞለት ወደ መድረክ ተመለሰ። በዓለም ፖፕም ፈንክ እንደገና ነግሦ ነበር፤ የማርክ ሮንሰንና የብሩኖ ማርስ “አፕታውን ፈንክ” (2014) ምስክር ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ያሉ የሠርግ ድንኳኖች ውስጥ የምሰማው ሌላ ነው። አንድ የቡሬ ኪቦርድ ተጫዋች በግራ እጁ ቤዙን፣ በቀኙ የስድስት ሰው ትራምፔትና ሳክስፎን ሲያወጣ አይቼ ተደንቄያለሁ። የማን ዘፈን እንደሆነ ብጠይቀው አዲሱን ዘፋኝ ጠራልኝ፤ ዜማው ግን ከእሱ ዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል። ልጁን አልወቅሰውም። እሱ የሰማው ድጋሚውን ነው፤ ድጋሚውን ያወጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለዜማውን ስም አይጽፉም።

ነገሩ የስም ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሥራው አመንጪ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው ፕሮዲዩሰር ግን 50 ዓመት ብቻ ይሰጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለተቀረጹት ሸክላዎች ሁለተኛው ሒሳብ አልቋል። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት ግን ገና አለ፤ ስለዚህ አንድን የድሮ ዘፈን ዛሬ አድሶ የሚያሳትም ሰው ማንኳኳት ያለበት የእነሱን ወይም የወራሾቻቸውን በር ነው።