ስምን ማን ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው፡፡ የፖለቲካን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ባላንጣ ነው፡፡ ለዚህ ደብረ ታቦር ትመስክር፡፡ ራስ ዓሊ በዚህች ከተማ ተቀምጠው ሲገዙ የቋራው ካሣ «ሽፍታ» ነበር፡፡ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል አደረጋቸው፤ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ፡፡ (እስከ አይሻል «አደረገ»፣ ከዘውዱ በኋላ «ጫኑ» ማለቴን አንባቢ ልብ ይሏል፤ አማርኛችንም ለባለ ሥልጣን ያደላል፡፡) ብዙም ሳይቆይ የጎጃሙ ተድላ ጓሉና የላስታው ዋግሹም ጎበዜ በተራቸው «ሸፈቱ» ተባሉ፡፡

በዚያው ዘመን ለንደን ላይ «ሊበራል» የሚል የፓርቲ ስም ነበር፡፡ ሥሩ «ነጻ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፡፡ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ያጣው በሊበራሉ በፓልመርስተን መንግሥት፣ ሎርድ ራስል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ነው፡፡ ወደ መቅደላ ጦር የላኩት ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው፡፡ ከመቅደላ ስለ ተጋዘው ቅርስ በ1871 እ.ኤ.አ. ፓርላማ ቆሞ ማዘኑን የተናገረው ግላድስተን እንደገና ሊበራል ነው፡፡ እዚሁ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ላስጣሉት ንጉሥ የሁለቱ ስሞች ልዩነት እምብዛም አልነበረም፡፡

በአሜሪካ ከሩዝቬልት ወዲህ ሊበራል ማለት መንግሥት ድሃውን ይደግፍ ባይ ሆነ፡፡ በእኛ አገር፣ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዙሪያ፣ የግለሰብን መብት ከብሔር መብት የሚያስቀድም፣ መሬት ይሸጥ ይለወጥ የሚል ሰው ሊበራል ተባለ፡፡ ኢሕአዴግ ራሱን «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» ብሎ ሌላውን «ኒዮሊበራል» አለ፡፡ አቶ መለስ ዜናዊ ለቃሉ የኢኮኖሚ ትንታኔ ነበራቸው፤ ቀበሌ ሲደርስ ግን ትንታኔው ረግፎ ስድቡ ቀረ፡፡ «ኪራይ ሰብሳቢ»ም ዕጣው ያው ነው፡፡ ሳያመርቱ በሥልጣን ጥግ መክበርን ለማለት የተተረጎመ ቃል ነበር፡፡ በምሠራበት ባንክ መስኮት አንዲት እናት የቤት ኪራያቸውን ሊያስገቡ መጥተው፣ «ልጄ፣ እኔም ኪራይ ሰብሳቢ ነኝ፤ ምን ይሉኝ ይሆን?» ብለው አስቀውናል፡፡ በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲተካ አብዮታዊ ዴሞክራሲም አብሮ ወደ ታሪክ ሄደ፡፡

ሳቅ የማይገባው ስም ግን «አናርኪስት» ነው፡፡ አናርኪስት በአውሮፓ መንግሥት የሚባል ነገር ከነአካቴው ይጥፋ የሚል ነበር፡፡ ኢሕአፓ መንግሥት ይጥፋ አላለም፤ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ነው ያለው፡፡ ደርግ ግን ስሙን ለጠፈለት፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወጣቶች በዚህ ስም ተጠርተው መንገድ ዳር ተረሸኑ፡፡ ገዳዩም ሟቹም ሌኒንን ይጠቅሱ ነበር፡፡